የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ስላግ በሌለበት አገር ሲሚንቶን የሚያግዝ ማያያዣ

በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ፈውስ ፍለጋ ነው። ቁርጥማት የጸናበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ቆዳው የተቆጣበት ሁሉ ስንቁን ሰንቆ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ይወርዳል። እኛ ግን ዛሬ እንድትመለከቱልን የምንፈልገው ውሃውን ሳይሆን ውሃው ሰንጥቆት የሚወጣውን ድንጋይ ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ መንገድ ሲቆረጥ ወይም ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣውን ጥቁር ድንጋይ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁን? ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ምስርና ሽምብራ የሚያህሉ ነጫጭ ፍሬዎች ተሰግስገው ይታያሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ድንጋይ ቀልጦ ከምድር ሆድ ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ ባዶ ቀዳዳዎችን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጨው የተሸከመ ሙቅ ውሃ በስንጥቁ እየተዘዋወረ የድንጋዩን ብርጭቆማ ክፍል አሟሟ፤ ያሟሟውንም በቀዳዳዎቹ ውስጥ አዲስ ማዕድን አድርጎ አስቀመጠ። ከእነዚህ ነጫጭ ፍሬዎች ብዙዎቹ ዚዮላይት ከሚባለው የማዕድን ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ነገሩን ባጭሩ ብንገልጸው፣ ብርጭቆማ ድንጋይና አልካሊ ያለበት ውሃ በቂ ጊዜ አግኝተው አዲስ ጠጣር ነገር አስገኙ ማለት ነው።

ተፈጥሮ በረጅም ዘመን የሠራችውን ይህን ሥራ የሰው ልጅ በሰዓታትና በቀናት መሥራት ከጀመረ ሰማንያ ዓመታት አልፈዋል። ውጤቱም «በአልካሊ የሚነቃ ማያያዣ» ይባላል። በዓለም ላይ በይበልጥ የታወቀው ከብረት ምድጃ በሚገኝ ስላግ የሚሠራው ነው። በአገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ግን «እኛ ስላግ የለንም፤ ስለዚህ አይመለከተንም» የሚል መልስ በተደጋጋሚ እንሰማለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱ ሳይሆን ጥያቄው የተሳሳተ መሆኑን ማሳየት ነው።

ለመሆኑ ስላግ ምንድን ነው?

የብረት ማዕድን በትልቅ ምድጃ ውስጥ ከኮክ ከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲቀልጥ፣ ከባዱ ብረት ከታች ይረጋል፤ ከማዕድኑና ከኖራ ድንጋዩ የተረፈው ቅልጥ ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ ተንሳፋፊ ትራፊ ስላግ ይባላል። አብዛኛው ክፍሉ የካልሲየም፣ የሲሊከን፣ የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ኦክሳይድ ነው። ቅልጡ በፍጥነት በውሃ ሲመታ እንደ አሸዋ የደቀቀ ብርጭቆ ይሆናል። ይህ ብርጭቆ ተፈጭቶ በውሃ ብቻ ቢለወስ እጅግ በዝግታ ነው የሚጠነክረው። ኮስቲክ ሶዳ፣ ሶዳ አሽ ወይም ሶዲየም ሲሊኬት ያለበት ውሃ ሲያገኝ ግን ይቀሰቀሳል። ብርጭቆው ይሟሟል፤ የተለቀቁት ሲሊካ፣ አሉሚናና ካልሲየም እንደገና ተጋግዘው ከሲሚንቶ ጋር የሚመሳሰል ጠንካራ ሙጫ ይሠራሉ።

በዚህ ላይ ልዩ ልዩ ማዕድናት ይጨመራሉ። የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ የሩዝ ገለፈት አመድ፣ የደቀቀ የኖራ ድንጋይ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ጭማሪዎቹ እንደየባሕርያቸው ማያያዣው ቶሎ እንዳይደርቅ፣ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ ነጭ ጨው በግድግዳው ላይ እንዳያወጣ ወይም ውዱ ስላግ እንዲቆጠብ ያግዛሉ።

ቤልጅጋዊው ፑርዶን ስለ ስላግና አልካሊ ያደረገውን ምርምር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ በኪየቭ ቪክቶር ግሉኮቭስኪ ስላግንና ተራ የአፈር ማዕድናትን ከአልካሊ ጋር አዋሕዶ ለግንባታ የሚሆን ማያያዣ አቀረበ። በሩሲያ ሊፔትስክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1994 ባለው ጊዜ በዚሁ ማያያዣ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። በፈረንሳይ ጆሴፍ ዴቪዶቪትስ ካልሲየም ለሚያንሳቸው የዚህ ቤተሰብ አባላት «ጂኦፖሊመር» የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የዌልካምፕ አውሮፕላን ማረፊያም ከፊሉ በዚሁ ዓይነት ኮንክሪት የተነጠፈ ነው። እንግዲህ ነገሩ በወረቀት ላይ የቀረ ሕልም አይደለም።

የሲሚንቶ ዕዳ

ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ሲሚንቶስ ምን ጎደለው? የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥለው ነው። ምድጃው ነዳጅ መብላቱ አንድ ነገር ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣው ጋዝ ነው። በኬሚስትሪ ክፍል እንደተማራችሁት፣ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይተርፋል፤ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብናነድደው እንኳ ይህ 44 ኪሎ አይቀርም። በዚህም ምክንያት ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሲሚንቶ ድርሻ ነው።

ለደብረ ታቦር ሰው ደግሞ ከአየሩ ይልቅ የሚቀርበው የመኪናው ኪራይ ነው። በአባይ ሸለቆ፣ በደጀንና በሙገር አካባቢ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በእኛ ደጋ በወፍራም የባዛልት ክምር ተሸፍኗል። ከደጀን አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ተጭኖ በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዚያ ወደ ጉና ግርጌ ቀበሌዎች የሚሄደው ደግሞ በአይሱዙ፣ ቀሪው በአህያ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በነበረው እጥረት ወቅት ግድግዳቸው ቆሞ ወለላቸው አፈር የቀረ የገጠር መማሪያ ክፍሎችን በዓይናችን አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ መመረቁ እፎይታ መሆኑን እናምናለን። ፋብሪካ ግን ርቀትን አያሳጥርም።

ምስጢሩ በአቀዛቀዙ ነው

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንግባ። ስላግን ስላግ ያደረገው ከምን መሠራቱ ብቻ አይደለም። ያንኑ ቅልጥ በጉድጓድ አፍስሰን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ብንተወው፣ ያው ካልሲየም፣ ያው ሲሊካና ያው አሉሚና ይዞ ለመንገድ ጠጠር ከመሆን በቀር ይህ ነው የሚባል የማያያዝ ጠባይ አይኖረውም። በውሃ ተመትቶ በድንገት የቀዘቀዘው ግን ማያያዣ ይሆናል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

በትምህርት ቤታችሁ የሰልፍ ደወል ሲደወል የሚሆነውን አስቡ። ጊዜ ከተሰጠ ተማሪው ሁሉ ቦታውን ይይዛል፤ ረድፉ ይስተካከላል። ደወሉ በተደወለ በሁለተኛው ሰከንድ ሁሉም ባለበት ደርቆ ቢቀር ግን አንዱ ሲሮጥ፣ አንዱ ሲዞር፣ አንዱ ከደረጃ ሲወርድ ይገኛል። በቀስታ የቀዘቀዘ ቅልጥ አተሞቹ የተሰለፉበት ክሪስታል ነው፤ በድንገት የቀዘቀዘው ደግሞ አተሞቹ ሳይሰለፉ የደረቁበት ብርጭቆ ነው። የተሰለፈው ረክቶ ተቀምጧል፤ ከቦታው ለማንቀሳቀስ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ያልተሰለፈው ግን ምድጃው የሰጠውን ኃይል በከፊል በውስጡ ይዞ ቀርቷል። አልካሊ ያለበት ውሃ የሚቀሰቅሰው ይህንን ነው።

ይህን ልዩነት በዓይን ማየት ባይቻልም በኤክስሬይ ማየት ይቻላል። ኤክስሬይ በክሪስታል ላይ ሲያርፍ በወረቀቱ ላይ የሚታየው መስመር እንደ ስሜን ተራሮች ሹል ሹል ይሆናል። በብርጭቆ ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ጉና ጀርባ የተንጣለለ ጉብታ ብቻ ይታያል። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ስለ አንድ አፈር ወይም አመድ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ስላግ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ጉብታው የታለ?» ብሎ ነው።

ከራሳችን ስሕተት

ይህን ትምህርት ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው ብንል ውሸት ይሆንብናል። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የምንሠራበት ቤተ ሙከራ ስላግ ሲያልቅበት ስልክ መደወል ብቻ ይበቃው ነበር፤ በማግስቱ በበርሜል ይመጣል። ወደ አገራችን ስንመለስ በማስታወሻ ደብተራችን የተጻፈውን ቀመር ይዘን ተመለስን፤ ቀመሩ የተጻፈበት አገር ግን አብሮን አልመጣም። ስላግ ስናጣ «ባዛልትም ሲሊካና አሉሚና አለው» ብለን ከጉና ግርጌ የመጣ ጥቁር ድንጋይ አስፈጨን፤ በዚያው መጠን አልካሊውን ለወስን፤ ኩብ አድርገን ቀረጽን። ከሳምንታት በኋላ ኩቦቹ እንደ ድንጋይ ይጮኹ ነበር። ተማሪዎቻችንም እኛም ደስ አለን። ውሃ ውስጥ ባደሩ ጊዜ ግን ጠዋት ያገኘነው ኩብ ሳይሆን ጭቃ ነበር። አጥብቆ ይዞት የነበረው የደረቀው ሶዲየም ሲሊኬት እንጂ አዲስ የተፈጠረ ማያያዣ አልነበረም። የፈሰሰው ላቫ በዝግታ ስለ ቀዘቀዘ አብዛኛው ክፍሉ ክሪስታል ነው። በክፍል ውስጥ ለዓመታት ያስተማርነውን የፊዚክስ ሀሁ በእጃችን ላይ በፈረሰ ኩብ ተማርነው።

ከዚያ በኋላ ከተማሪዎቻችን ጋር ወደ ገበያ ወጣን። ማሰሮና ምጣድ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን የተሰበረውን ሸክላ፣ ገሉን እንዲሸጡልን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ገል ደግሞ ይገዛል እንዴ?» ብለው ሳቁ። «እማማ፣ መልሰን ድንጋይ ልናደርገው ነው» አልናቸው። ሳቃቸውን ትተው ክምሩን ያገላብጡ ጀመር። «እንዲያ ከሆነ ልቡ የጠቆረውን ተዉት፤ እሱ እሳት አልጠገበም። ውሃ ሲነካው ያሳፍራችኋል» አሉን። እሳት ያልጠገበ ሸክላ ስብራቱ መሐል ላይ ጥቁር ሆኖ እንደሚቀር ማንም ያጠና ሰው ያውቃል፤ እማማ ግን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። እሳት ከጠገበው ገል ተፈጭቶ ከኖራና ከጥቂት አልካሊ ጋር የተሠራው ኩብ ውሃ ውስጥ አድሮ አልፈረሰም።

ገልና ገለፈት

የሆነው እንዲህ ነው። ሸክላ አፈር በውስጡ ከአተሞቹ ጋር የተሳሰረ ውሃ አለው። ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ይህ ውሃ ተነቅሎ ይወጣል፤ የአተሞቹም ሰልፍ ይፈርሳል። ብርጭቆን በድንገተኛ ቅዝቃዜ እንደምናገኘው ሁሉ፣ በሸክላ ውስጥ ያንኑ ሥርዓት የለሽ አደራደር በእሳት እናገኘዋለን ማለት ነው። እሳቱ ከዚህ በጣም ካለፈ ግን አተሞቹ እንደገና ይሰለፋሉ፤ ጥቅሙም ይቀራል። በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚቃጠል የሸክላ ክምር የሚደርስበት ሙቀት በአብዛኛው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። እናቶቻችን ለእንጀራ ምጣድ ብለው ያገኙት ሙቀት ዛሬ በሲሚንቶ ቤተ ሙከራዎች የሚፈለገው ሙቀት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ማንሣት ግድ ይለናል። እሳትን የሚያውቁትን ሸክላ ሠሪዎችንና ቀጥቃጮችን ኅብረተሰባችን ለዘመናት «ቡዳ» እያለ ከማዕድ አርቋቸዋል፤ መሬት ነሥቷቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ምድጃ አቁመው ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው ነበር። መድፉ ተሠራ፤ ተጎትቶም መቅደላ ደረሰ። የጋፋት ምድጃ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ልጅ አልወለደም። ዕውቀቱ ከአገሩ ባለ እጅ ጋር ስላልተዋሐደ ነው ብለን እናምናለን። ዛሬም በዲግሪ ላይ ዲግሪ ደርበን የእማማን ገል ረግጠን ብናልፍ ያንኑ ስሕተት መድገማችን ነው።

ሁለተኛው የአገራችን ሀብት ገለፈት ነው። የፎገራ ሜዳ ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት የሩዝ አብቃይ ቦታዎች አንዱ ነው፤ በወረታ ዙሪያ ባሉት መፈልፈያዎች ደጃፍ የገለፈት ክምር ማየት የተለመደ ነው። ሩዝ ከአፈሩ ሲሊካን መጥጦ በገለፈቱ ውስጥ ያከማቻል። ከአንድ ቶን ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 200 ኪሎ ገለፈት ይገኛል፤ ይህም ሲቃጠል ወደ 40 ኪሎ አመድ ይተርፋል። ከአመዱ አብዛኛው፣ በጥሩ ሁኔታ ከተቃጠለ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ሲሊካ ነው። እዚህም ላይ የፊዚክሱ ሕግ አይለወጥም። ከ700 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት የተቃጠለው አመድ ሥርዓት የለሽ ሆኖ በአልካሊ ይሟሟል፤ ከዚያ በላይ እየሞቀ የሄደው ወደ ክሪስታል ይለወጣል፤ ይህም ማያያዣ ከመሆን ይልቅ ለሳንባ የሚያሰጋ ብናኝ ይሆናል። በኮስቲክ ሶዳ የተሟሟው መልካም አመድ ከውጭ በውድ የምንገዛውን ሶዲየም ሲሊኬት ሊተካ ይችላል።

የእሳተ ገሞራ ትራፊም ሌላ ተስፋ ነው። ወደ ሰማይ የተተፋ ቅልጥ አየር ላይ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ከፈሰሰው ላቫ ይልቅ ብርጭቆ ይበዛበታል። ሮማውያን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የ43 ሜትር ስፋት ያለውን የፓንቴዎን ጉልላት ያቆሙት በኖራና በእንዲህ ያለ አመድ ነው። በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ የሚቆፈረው ፑሚስ እየተፈጨ «ፒፒሲ» በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የማዕድን ጭማሪ ሳታውቁት አለ። ጉና ግን ዕድሜው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ሽማግሌ ነው፤ አመዱ ብዙ ክረምት ስለወረደበት በአብዛኛው ወደ አፈርነት ተለውጧል። ስለሆነም ለእኛ ደጋ ከጥሬው አመድ ይልቅ እንደገና እሳት ያየው አፈር የተሻለ ዕጩ ይመስለናል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «አልካሊው ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ሶዳ አሽ ከአብያታ ሐይቅ መውጣት የጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ሐይቁ ግን ለፋብሪካው ከሚሳበው ውሃና ከላይ ለመስኖ ከሚጠለፈው የተነሣ እጅግ ሸሽቷል። አንዱን የአካባቢ ችግር ለማቃለል ብለን ሌላ ሐይቅ ብናደርቅ ትርፍ አይባልም። ኮስቲክ ሶዳም ሲመረት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። በመሆኑም የእኛ መንገድ አልካሊውን በጥቂቱ፣ እንደ እርሾ፣ የሚጠቀምና አብዛኛውን ሥራ ለኖራና ለገል የሚተው መሆን አለበት እንላለን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ መሆኗም ወደዚሁ ይመራናል። ካልሲየም የሚያንሰው ጂኦፖሊመር በደንብ ለመጠንከር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ካልሲየም ያለው ግን በተራ የቤት ሙቀትም ይጠነክራል። የስላጉን ካልሲየም የሚተካልን ኖራ ነው። እርግጥ ኖራም ተቃጥሎ ነው የሚገኘው፤ ጋዝም ያወጣል፤ ግን የሚፈለገው መጠን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ያሳውራል። ሲሚንቶን በባዶ እጅና በባዶ እግር ለለመደ የቀን ሠራተኛ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ይህን ማስያዝ ወንጀል ነው። ሦስተኛው የዕድሜ ጥያቄ ነው። የ28 ቀን ኩብ ስለ 50 ዓመት ግድግዳ አይመሰክርም። በተለይ በብረት በተጠናከረ አርማታ ውስጥ አዲሱ ማያያዣ ብረቱን ከዝገት ምን ያህል እንደሚጠብቅ በረጅም ጊዜ መፈተን ይገባዋል። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀን ዛሬ በዚህ ማያያዣ የፎቅ ምሰሶ እንዲሠራ አንመክርም። ብሎኬት፣ የወለል ንጣፍ፣ ልስን፣ የቦይ ክዳን ግን ጥሩ መጀመሪያ ናቸው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ ከባልደረቦቻችን የምንሰማው «ሲሚንቶ ከተገኘ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለው ነው። መልሳችን ገልና ሲሚንቶ ጠላት አይደሉም የሚል ነው። በኩባ፣ በሕንድና በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የዳበረው ኤልሲ-3 የተባለው ሲሚንቶ ውስጥ ክሊንከሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የቀረውን ቦታ በዋናነት የተቃጠለ ሸክላ አፈርና የደቀቀ የኖራ ድንጋይ ይይዙታል። ይህም ማለት የአገራችንን አፈር ጠባይ መርምሮ መለየት አልካሊውን ለመረጠም፣ ሲሚንቶውን ለመረጠም የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ደግሞም ሲሚንቶ በሁሉም ቦታ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጀመረው በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመልሰዋል። ማያያዣ ከድንጋዩ ጋር እንዲስማማ እንጂ ከሁሉ እንዲበረታ ብቻ አይመረጥም።

ከአንድ ኩብ እንጀምር

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ፋብሪካ ከመጠየቅ በፊት ልኬት መቅደም አለበት። የትኛው ወረዳ አፈር በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ በስንት ሰዓት ይነቃል? የየትኛው መፈልፈያ ገለፈት አመዱ ጉብታ ያሳያል? ይህ ካርታ የለንም። ካርታውን መሥራት የውጭ ባለሙያ ሥራ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪ ሥራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ማያያዣ የሚመዘነው «ከምን ተሠራ?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል ይሸከማል፣ ምን ያህል ይቆያል?» ተብሎ እንዲሆን ደረጃ አውጪዎች ቢያስቡበት መልካም ነው። ገል የሚሸጡልን እናቶችም ስለ አፈርና ስለ እሳት የሚያውቁት በስማቸው ሊመዘገብ፣ ድካማቸውም ሊከፈል ይገባል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ከመምህራችሁ ጋር ልትሠሩት የምትችሉት ሙከራ አለ። አልካሊ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሦስት ዱቄት አዘጋጁ፤ አንዱ እሳት ከጠገበ ገል፣ ሁለተኛው ካልተቃጠለ ደረቅ ሸክላ አፈር፣ ሦስተኛው ከጥቁር ድንጋይ የተፈጨ ይሁን። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ወንፊት ንፉ፤ ወንፊቱ ግን ወደ ማድ ቤት እንዳይመለስ። ለእያንዳንዱ ሦስት እጅ ዱቄት ከአንድ እጅ ኖራ ጋር በክብደት መዝናችሁ በውሃ ለውሱ፤ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅርጽ ማውጫ ቅረጹ፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ 28 ቀን አቆዩ። ኖራም ያቃጥላልና ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አትርሱ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩ።

መጭመቂያ ማሽን የለንም አትበሉ፤ አርኪሜዲስ አለላችሁ። የክንዶቹ ንጽጽር አሥር ለአንድ የሆነ ጠንካራ የእንጨት ምሳሽ ሥሩና በረጅሙ ጫፍ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስቀሉ። በኩቡ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 4,900 ኒውተን ይሆናል። የኩቡ ፊት 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ግፊቱ ወደ 2 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ሲሰበር እንዳይፈናጠር ኩቡን በጆንያ ሸፍኑ፤ እግራችሁንም ከከረጢቱ ሥር አርቁ። እኛ የምንጠብቀው የገሉ ኩብ ከሁለቱ እንዲሻል ነው። ካልተሻለ ግን የበለጠ ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም የአካባቢያችሁ አፈር ወይም እሳት የሚነግረን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ውጤታችሁን ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ላኩልን። አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ገሉ ልቡ ጠቁሮ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ ኩቡ ስንት ኪሎ ሲጫንበት እንደተሰበረ ጻፉ። የፈረሰውንም ደብቃችሁ አታስቀሩት፤ የእኛን የፈረሰ ኩብ ነግረናችኋልና። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የጉናን አፈር የጉና ልጆች መርምረው ቢያሳውቁን ለሚቀጥለው እትም ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ እናገኝ ነበር።